«ዮጋ ከጀመርኩ የግፊት ኪኒኑን ተውኩት» እና ሌሎች የልብ ተረቶች

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ከመደበኛ ሥራዬ ጎን ለጎን አዲስ አበባ ውስጥ ዮጋ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ግፊት ወይም ስኳር ተገኝቶባቸው የመጡ ናቸው። ትምህርቱ ሲያበቃ ምንጣፉን ጠቅልሎ ወደ እኔ የሚጠጋ ሰው ምን ሊለኝ እንደሆነ አፉን ሳይከፍት አውቀዋለሁ። ቀላል ቀላሉን አስቀድሜ ልሸኝ።

«ዮጋ ሃይማኖት ያስለውጣል።» ከቅዳሴ ወጥተው የሚመጡም፣ ለጁምዓ ሰዓት እያዩ የሚቸኩሉም አስተምራለሁ፤ እንደገቡ ነው የሚወጡት። ዩኔስኮ ዮጋን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ አዲስ አበባ በተቀመጠ ጉባኤ ነው፤ ከተማዋም እምነቷን አልቀየረችም።

«ሰውነቱ ለሚተጣጠፍ ወጣት ነው።» አይደለም። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ዮጋ አለ።

«ዮጋ ከሠራሁ የእግር መንገድ ምን ያደርግልኛል?» የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ እንደ ፈጣን እርምጃ ያለ፣ ትንፋሽ የሚያፋጥን እንቅስቃሴ ይመክራል። ዝግ ያለ ዮጋ ይህን አይተካም። ተራመዱ።

«ግፊቴ ስለወረደ ኪኒኑን ተውኩት።» እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

በስልሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ አንድ ጋሼ ነበሩ። የቤት መለኪያቸውን በቦርሳ ይዘው ይመጡና በትምህርቱ ማብቂያ፣ በጀርባችን ተንጋለን ካረፍንበት ሳይነሡ ይለኩ ነበር። አንድ ቀን ማሽኑ 124 በ78 አሳየ። ለሁሉም እያዞሩ አሳዩት። ከዚያ ለእኔም ለሐኪማቸውም ሳይናገሩ አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት ኪኒናቸውን አቆሙ። ከሳምንታት በኋላ ራሳቸውን እያመማቸው መጡ፤ ስለካቸው 190 በ110። «ልጄ፣ ያንቺ ማሽን ሳይበላሽ አይቀርም» አሉኝ። በራሳቸውም ለካን፤ ያው ነው። በዚያው ወደ ሐኪማቸው ላክኋቸው።

ሦስት ነገር ተምታቶባቸው ነበር። ተጋድሞ በቀስታ የተነፈሰ ሰው ግፊቱ ለጊዜው ይወርዳል፤ ያ የዚያች ሰዓት ቁጥር ነው። ትክክለኛው ልኬት ወንበር ላይ ጀርባን አስደግፎ፣ አምስት ደቂቃ አርፎ፣ ክንድን በልብ ትክክል አኑሮ፣ በተለያዩ ቀናት የሚወሰደው ነው። ደግሞስ ያንን 124 ካመጡት አንዱ ራሱ ኪኒኑ አይደለም? መድኃኒቱ ስለሠራለት መድኃኒቱን የሚያባርር ሰው መቼም አይገባኝም። ሦስተኛው ነገር ተንኮለኛ ነው፤ አምሎዲፒን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ካቆሙትም በኋላ ለቀናት ይሠራል። ስለዚህ ሰውየው «ይኸው ምንም አልሆንኩም» ይላል፤ ግፊቱ ግን ቀስ እያለ፣ ብዙ ጊዜም ምልክት ሳይሰጥ ይመለሳል። አቴኖሎልንና ፕሮፕራኖሎልን የመሰሉትን፣ የልብ ምት የሚያዘገዩ የግፊት መድኃኒቶች በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ልቡ ለታመመ ሰው ድንገተኛ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ዮጋ ምንም አይሠራም አላልኩም። አዘውትሮ ለሚሠራው የላይኛውን ቁጥር በጥቂት ነጥቦች ዝቅ እንደሚያደርግ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። በመድኃኒቱ ላይ ሲደመር ጥሩ ነው፤ ከ170 ለተነሣ ሰው ግን ብቻውን የትም አያደርስም። መጠኑ እንዲቀነስለት የሚፈልግ ሰው የጠዋትና የማታ ልኬቱን በደብተር ጽፎ ለሐኪሙ ያሳይ። በጾም ወቅት እህል እስኪቀመስ እያላችሁ የምትዘሉትንም ኪኒን እዚያው አንሡት፤ የሚወሰድበትን ሰዓት ማስተካከል ይቻላል።

«የተዘጋ የደም ሥር ይከፍታል።» ይህ ወሬ ሥር አለው። አሜሪካዊው ሐኪም ዲን ኦርኒሽ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት የአንዳንድ ሕሙማን የልብ ደም ሥር ጥበት በመጠኑ ቀንሶ ታይቷል። እነዚያ ሰዎች ግን ከዮጋው ጋር ስብ እጅግ የቀነሰ የአትክልት ምግብ ይበሉ፣ ይራመዱ ነበር፤ ሲጋራም ትተዋል። የኛ ሰው ዮጋዋን ነጥሎ ወስዶ ቅቤውንና ጥሬ ሥጋውን እንዳለ አስቀረ። በሕንድ 24 ሆስፒታሎች የልብ ድንገተኛ ሕመም ባጋጠማቸው ወደ 4,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ደግሞ ዮጋው ሞትንና ዳግም የልብ አደጋን በግልጽ እንደቀነሰ አላሳየም። ሆኖም ዮጋ የሠሩት ጤናቸው የተሻለ እንደሆነ ተናግረዋል፤ ወደ ቀድሞ ውሏቸውም በተሻለ ተመልሰዋል። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«የልብ ሕመም ሁሉ ከጭንቀት ነው።» አክስቷ «አተነፋፈስ አስተምሪያት» ብላ ያመጣቻት ወጣት ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። በልጅነቷ ቶንሲል ይመላለስባት እንደነበር ስሰማ ምንጣፍ አልሰጠኋትም፤ ለልብ አልትራሳውንድ ላክኋት። ከቶንሲል በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ ሕመም የልቧን ቫልቭ፣ ማለትም ደም የሚያልፍበትን በር፣ አጥብቦት ነበር። አሁን ፔኒሲሊን በየወሩ ትወጋለች። የጠበበን ቫልቭ የሚያሰፋ ትንፋሽ የለም።

ግፊት ካለባችሁ በጭንቅላት መቆምን ተዉት፤ ኃይል ስትጠቀሙ ትንፋሽ አትያዙ፤ ከተጋደማችሁበት በጎን ዞራችሁ፣ ትንሽ ተቀምጣችሁ ተነሡ። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የምትወስዱ በሞቀ ክፍል ውስጥ የሚሠራውን ዮጋ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትሞክሩ። በመካከል ደረታችሁን ጨምድዶ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ቢመጣ ደግሞ በትንፋሽ አሳልፈዋለሁ አትበሉ፤ አቁማችሁ በሰው ታግዛችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ። ምንጣፉን እኔ አነሣዋለሁ።