ቬትናም ማክዶናልድን አላባረረችም

ምግብ ቤት ለሚከፍቱ ሰዎች ማማከር እንጀራዬ ነው። በርገር ቤት ልክፈት የሚል ሰው ሲመጣ አብሮት የመጣው ጓደኛ ወይም ወንድም አይጠፋም። ያ ሰው ደግሞ ሁሌም አንድ ነገር ነው የሚለው፦ «ኧረ ተው! ቬትናም ውስጥ ማክዶናልድ እንኳን ከስሮ ወጥቷል፤ ሕዝቡ የራሱን ምግብ ስለሚወድ ዞር ብሎም አላየው።» ዩቲዩብ ላይ አይቶት ነው። ሰልችቶኛል። ዛሬ ልጻፈውና ልገላገል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ማክዶናልድ ከስሮ ወጣ»

አልወጣም። በ2014 መጀመሪያ ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ ማለትም በድሮዋ ሳይጎን፣ ተከፈተ፤ እስካሁንም አለ። እውነት ነው፣ እንዳሰበው አልሄደለትም። በአሥር ዓመት 100 ቅርንጫፍ እከፍታለሁ ብሎ ነበር፤ አሥር ዓመቱ ሲሞላ 40 እንኳን አልደረሰም። ዋና ከተማዋ ሃኖይ የገባው ራሱ በ2017 መጨረሻ ነው። እስከዚህ ድረስ ዩቲዩቡ ልክ ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ስለዚህ ቬትናሞች የውጭ ፈጣን ምግብ አይበሉም!» ማን ነው ያለው? የተጠበሰ ዶሮ ሻጩ ኬኤፍሲ በ1997 ነው የገባው፣ የኮሪያው ሎተሪያ በ1998። የፊሊፒንሱ ጆሊቢም አለ። ሦስቱም ዛሬ በትልልቁም በትንንሹም ከተማ ተበትነዋል፤ ጆሊቢ ብቻውን 200 ቅርንጫፍ አልፏል። ሕዝቡ የውጭ ነገር ስለማይወድ ከሆነ እነዚህን ሁሉ ማን እየበላላቸው ነው?

ልዩነቱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ዶሮ ነው። የተጠበሰ ዶሮ ቬትናም ውስጥ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ከላይም ከታችም ዳቦ የተጫነበት የተፈጨ ሥጋ ነው። ሁለተኛ ሩዝ። ዶሮ ሻጮቹ ቶሎ ገባቸውና ዶሮውን ከሩዝ፣ ከሾርባና ከቺሊ ሶስ ጋር ማቅረብ ጀመሩ። ማክዶናልድም በኋላ ሩዝ አስገብቷል፣ በ2020 ደግሞ ፎ የሚባለው የአገሩ የኑድል ሾርባ ጣዕም ያለው በርገር ሁሉ ሞክሯል፤ እንግዲህ ፎን የሚያህል ሾርባ በየመንገዱ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ትኩሱን እየተቀዳ ለሚጠጣ ሰው በዳቦ አድርገህ ስትሰጠው ምን እንዲልህ ነው የምትጠብቀው?

ሦስተኛውና እኔ ዋናው የምለው አበላሉ ነው። ቬትናም ውስጥ ወጡ፣ አትክልቱ፣ ዓሣው መሃል ላይ ይቀመጣል። ሁሉም የየራሱን የሩዝ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ከመሃል በቾፕስቲክ እያነሳ ይበላል። ከአንድ ትሪ ለምንበላው ለእኛ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ዶሮ ቤቶቹ በባልዲ የሚያቀርቡት ዶሮም መሃል ላይ ይቀመጣል። በርገር ግን የአንድ ሰው ነው፤ ስታካፍለው ይፈርሳል።

ሳይጎን ለሥራ ሄጄ እሁድ ማታ አንድ የዶሮ ቤት ገብቼ ነበር። የልጅ ልደት ነው። ግድግዳው ላይ ፊኛ፣ ጠረጴዛው ላይ ዶሮ፣ ስፓጌቲና ሩዝ። አያትየዋ ዳር ላይ ተቀምጠው የዶሮውን ቆዳ በማንኪያ ገፈፍ እያደረጉ ለልጁ ይሰጣሉ፣ ሥጋውን ከሩዝ ጋር ራሳቸው ይበላሉ። ምግቡ የአገር ነው የውጭ ነው ብሎ የተጨነቀ አላየሁም። እዚህ አዲስ አበባም በርገር ብቻ የሚሸጥ ቤት የከፈተ ደንበኛ ነበረኝ። ቤተሰብ ይገባል፣ ሜኑውን ያገላብጣል፣ «የምንካፈለው ነገር የለም?» ይላል። ቤቱ ቅዳሜና እሁድ መሙላት የጀመረው በትልቅ ሳህን ዶሮ ከድንች ጋር ካስገባ በኋላ ነው። የነገርኩት ከመክፈቱ በፊት ነበር፤ ማን ይሰማል!

ዋጋውም አለ። ማክዶናልድ ሲገባ ቢግ ማክ የሚባለው በርገሩ ወደ 60,000 ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ነበር። በዚያ ገንዘብ ከመንገድ ጋሪ ላይ ሦስት አራት ባን ሚ፣ የቬትናም ሳንድዊች ማለት ነው፣ ይገዛል።

«ፈጣን ምግብ የምዕራብ ነገር ነው»

ባን ሚ ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሴትየዋ ዳቦውን በጎኑ ትሰነጥቃለች። የጉበት ፓቴ (ተፈጭቶ የሚቀባ ጉበት) ትቀባለች፣ ማዮኔዝ፣ ሥጋ፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ካሮትና ነጭ ራዲሽ፣ ኪያር፣ ድንብላል ቅጠል፣ ቃሪያ። በወረቀት ጠቅልላ በላስቲክ ታስረዋለች። ገዢው ከሞተር ሳይክሉ አልወረደም። አንድ ደቂቃም አይሞላም። ከዚህ በላይ ፈጣን ምን አለ? ማክዶናልድ የተወዳደረው ቀስ ብሎ ከሚበላ ምግብ ጋር ሳይሆን ከእሱ ከሚፈጥንና በዋጋ ከሚረክስ ምግብ ጋር ነው። «ንጹሕ የአገር ምግብ» ለምትሉትም፣ ዳቦውም ፓቴውም በቅኝ ግዛት ዘመን ከፈረንሳይ የመጡ ናቸው።

«በጦርነቱ ምክንያት የአሜሪካ ነገር ይጠላሉ»

በ2017 ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል ባደረገው ጥናት 84 በመቶው ቬትናማዊ ለአሜሪካ ጥሩ አመለካከት አለኝ ብሏል። አብዛኛው ሕዝብ የተወለደው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። በቃ።

«የአገር ምግብ ጤና ነው፣ የፈረንጁ ነው የሚያወፍር»

ግማሹ እውነት ነው። በአገሪቱ የሥነ ምግብ ጥናት መሠረት ከ5 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከል ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው በ2010 8.5 በመቶ ነበሩ፤ በ2020 19 በመቶ ደረሱ። ዶሮ ቤቶቹ እጃቸው የለበትም አልልም። ግን የለስላሳው ስኳርስ? ልጁ ትምህርት ቤት በሞተር ተጭኖ መሄዱስ? መንግሥት ራሱ በ2025 ባወጣው ሕግ ከ2027 ጀምሮ ቀረጥ የጣለው ስኳር በበዛበት መጠጥ ላይ ነው። የአገሩም ምግብ ቢሆን የሚጠበስ ሞልቶታል፣ የፎው ጨው ቀላል አይደለም፣ ቡናቸው ላይ የሚንጠፈጠፈው ስኳር የበዛበት የጣሳ ወተትማ ተዉት።

«የመንገድ ምግብ ቆሻሻ ነው» ወይም «ምንም አያደርግም»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። በ2024 ዶንግ ናይ ክፍለ አገር ውስጥ ከአንድ ቤት ባን ሚ የበሉ ከ500 በላይ ሰዎች ታመዋል። ሙቀት ላይ የዋለ ሥጋና ማዮኔዝ ማንንም አይምርም። ወረፋ ያለበት ቦታ ብሉ፤ ምግቡ አይቆይም። የሚፈላ ነገር ከተዘጋጀ ሳንድዊች ይሻላል። በረዶውን ካላመናችሁት ተዉት።

ይህን የምለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2025 ሐምሌ ጀምሮ ሃኖይ ስለሚበር ነው፤ ሂያጁ በዝቷል፣ ጥያቄውም በዝቷል። «የአሳማ ሥጋ የለበትም አይደል?» እያላችሁ የምትደውሉልኝ፦ አለበት። ቡን ቻው (ጥብስ ከኑድል ጋር) አሳማ ነው፣ ኮም ታሙ (የተሰባበረ ሩዝ) ላይ የሚጠበሰው አሳማ ነው፣ የባን ሚው ፓቴም ብዙ ጊዜ አሳማ ነው። የዶሮ ፎ ወይም የበሬ ፎ እዘዙ። ለጾመኛ ደግሞ ደጃፉ ላይ «ቻይ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት ፈልጉ፤ ሥጋም የዓሣ መረቅም የለበትም፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ)፣ እንጉዳይና አትክልት ነው። በጨረቃ አቆጣጠራቸው ወር በገባ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ብዙ ቡድሂስቶች ሥጋ ስለማይበሉ፣ በእነዚያ ቀናት በሌላ ጊዜ ሥጋ የሚሸጡትም ሳይቀሩ ቻይ ያወጣሉ። እንቁላልና ወተት የሚጨምር ግን አለ፤ ስታዙ ጠይቁ።