የአማራ ክልል ምክር ቤት ያወጣቸው ሕጎች፦ አጭር ዳሰሳ

የአማራ ክልል ምክር ቤት መቀመጫው ባሕር ዳር ነው። 294 ወንበር አለው፤ አባላቱም ለ5 ዓመት ይመረጣሉ። ጉባኤ በተካሄደ ቁጥር ዜናው አንድ ዓይነት ነው፦ በጀት ፀደቀ፣ ዳኞች ተሾሙ። አዋጆቹ በአንዲት መስመር ይታለፋሉ። ሰው ጓዳ ድረስ የሚገቡት ግን እነሱ ናቸው።

አሠራሩ ያን ያህል ውስብስብ አይደለም። ረቂቁን ብዙ ጊዜ የሚያዘጋጀው ጉዳዩ የሚመለከተው ቢሮ ሲሆን መስተዳድር ምክር ቤቱ፣ ማለትም የክልሉ ካቢኔ፣ ካየው በኋላ ለምክር ቤቱ ይቀርባል፣ ቋሚ ኮሚቴ ይመረምረዋል፣ ጉባኤው ተወያይቶ ድምፅ ይሰጥበታል። የፀደቀው በክልሉ ጋዜጣ፣ በዝክረ ሕግ ይታተማል። የቆዩ እትሞችን አሟልቶ ማግኘት ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ይህ ምክር ቤት ከምንም በላይ የመሬት ሕግ አውጪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ አስተዳደሩን ለክልሎች ሰጥቷል፤ በፌዴራል ሕግ መሠረት እስከሆነ ድረስ ማለት ነው። ጅማሬው አወዛጋቢ ነበር። በ1989 መሬት እንደገና ሲደለደል በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሥልጣን ይዘው የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተባሉና ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ለሌላው ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር። አቤቱታው አዲስ አበባ ድረስ ሄዷል። መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች ተጠቅመዋል፣ ይህ አይካድም። ቂም መወጫ ነበር የሚሉም አሉ፤ ዝም ብለው አይደለም የሚሉት።

ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 46/1992 ወጣ፤ በ1995 ደግሞ የይዞታ ምዝገባው ተጀመረ። ስዊድን ረድታለች፣ ሥራውን በየቀበሌው የሠሩት ግን ገበሬው ራሱ የመረጣቸው የመሬት ኮሚቴዎች ናቸው። ለባለይዞታው በሚሰጠው የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል፣ ፎቶአቸውም አብሮ ይለጠፋል። ድሮ ትዳር ሲፈርስ ሚስት ባዶ እጇን ትወጣ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚጠቀሰው አዋጅ ቁጥር 133/1998 ነው። አንድ ገበሬ መሬቱን እስከ 25 ዓመት ማከራየት እንዲችል ፈቀደ። የመሬት ሽግሽግም (ድልድሉም) እንደ ድሮው ከላይ በመጣ ትእዛዝ ሳይሆን የአካባቢው ባለይዞታ አብዛኛው ሲጠይቅ ብቻ እንዲሆን ገደበ። ዝርዝሩ በ1999 በደንብ ቁጥር 51 ተሟላ። ዛሬም ወረዳ ፍርድ ቤት የመሬት ክርክር ያየ ሰው እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ ያውቃቸዋል።

በመሀል ሌሎችም ወጥተዋል። የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 59/1994 ፀድቋል፤ የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች በሥሩ የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። የቤተሰብ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የወጣ ሲሆን የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጎታል። አፈፃፀሙ ሌላ ወሬ ነው። የቅማንት ሕዝብን የራስ አስተዳደር ምክር ቤቱ በ2007 ተቀብሏል፤ በመስከረም 2010 ሕዝበ ውሳኔ ከተካሄደባቸው 8 ቀበሌዎች 7ቱ በነባሩ አስተዳደር ለመቀጠል መርጠዋል። ውሳኔው በቂ ነበር ወይስ ዘግይቶ የመጣ በሚለው ላይ እስካሁን ስምምነት የለም።

ወደ መሬቱ ስንመለስ፣ 133ን የተካው አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። ይህኛው ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከገንዘብ ተቋም እንዲበደር ፈቀደ። በጊዜው የነበረው የፌዴራል አዋጅ 456/1997 ይህን ለአነስተኛ ገበሬ አልፈቀደም ነበርና ክልሉ ከሥልጣኑ አልፏል ብለው የተከራከሩ የሕግ ሰዎች ነበሩ። ምናልባት ትክክል ነበሩ። የሆነ ሆኖ በ2016 የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1324 ያንኑ ነገር ለመላው አገር ፈቅዷል፤ ባሕር ዳር ካፀደቀችው ከ7 ዓመት በኋላ።