የሮተር ሞተር ኮምፕሬሽን ቴስት ምንድን ነው? ለአርኤክስ-8 ገዢዎች

«ኮምፕሬሽኑ ተለክቷል፣ 7 ባር ነው፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው።» እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 የተመረተው ማዝዳ አርኤክስ-8 ለሽያጭ ሲቀርብ ይህን ስሰማ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የትኛው 7? ሞተሩ በፒስተን ፋንታ የሚሽከረከር ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ሁለት አለው፤ እያንዳንዱ ሮተር ደግሞ ሦስት ፊት። ኮምፕሬሽን ማለት እያንዳንዱ ፊት አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጥረው፣ በባር የሚለካ ግፊት ነው። ስለዚህ ሻጩ ማሳየት ያለበት ስድስት ቁጥር ነው።

ችግሩ ያለው ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ላይ ነው። ለፒስተን ሞተር የተሠራ ጌጅ አየሩ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚይዝ ቫልቭ አለው። ሦስቱ የሮተር ፊቶች በዚያው የካንዴላ ቀዳዳ በየተራ ስለሚያልፉ ጌጁ ይዞ የሚቀረው የጠንካራውን ፊት ግፊት ብቻ ነው። ሦስት ልጆቹ ተፈትነው የጎበዙን ካርድ ብቻ የሚያሳይ አባት በሉት። ካርዱ እውነተኛ ነው፤ ሁለቱ መውደቃቸውን ግን አይናገርም። ፈተናውም እኩል መሰጠት አለበት፦ ሞተሩ ሞቆ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ። ባትሪው ከደከመ ጎበዙም ይወድቃል፤ ሞተሪኖው ከፈጠነ ሰነፉም ያልፋል። የሮተር መለኪያ ፍጥነቱን አብሮ የሚመዘግበው፣ ውጤቱም በደቂቃ ወደ 250 ዙር ተሰልቶ የሚነበበው ለዚህ ነው።

«ዝቅተኛው ወሰን 6.8 ባር ነው፣ 7 አልፏል» ብሎ የሞገተኝ ሰው አለ። ወሰኑ ልክ ነው። ግን እያንዳንዱ ፊት ወሰኑን ማለፍ አለበት፤ በፊቶቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ1.5 ባር መብለጥ የለበትም። ከአንድ ቁጥር ይህን ማወቅ አይቻልም። አዲስ አበባ ላይ ለሚለካ ደግሞ፦ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚያንስ ጤነኛ ሞተርም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ከፍታው ሳይታሰብ መኪናውን መጣል አይገባም።

«ዘይት ይበላል» ተብሎ መሸሽም እንዲሁ ስህተት ነው። ሞተሩ የሮተሩን ሲሎች (ግፊቱ እንዳያመልጥ የሚዘጉትን ክፍሎች) ለማለስለስ ዘይት ወደ ውስጥ እንዲረጭ ሆኖ ነው የተሠራው። አለመጨመር ነው የሚገድለው።

የሮተር መለኪያ ያለው ጋራዥ ካልተገኘ ሞተሩን በደንብ አሙቁት፣ አጥፉትና ወዲያው አስነሱት። ቀዝቅዞ ቶሎ የሚነሳ፣ ሲሞቅ ግን ሞተሪኖውን የሚያስለፋ ከሆነ ሲሎቹን ጠርጥሩ። የደከመ ኮይልና ካንዴላም አነሳሱን ስለሚያበላሹ ይህ ሙከራ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ስድስቱ ቁጥሮች በወረቀት እስኪቀርቡ ድረስ ግን ሞተሩ ወርዶ እንደሚታደስ አስባችሁ ተደራደሩ።