ማስተኛና ማረጋጊያ መድኃኒቶች በልጆች የልብ ሕክምና

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ የልብ ማዕከል ብዙ ሰው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 በዶክተር በላይ አበጋዝ ጠንሳሽነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር የደከመበት ሥራ ነው፣ በ2009 ተከፈተ። ስለ ቀዶ ሐኪሞቹ ብዙ ተብሏል፣ ይገባቸዋልም። ልጁን ስለሚያስተኛው መድኃኒት ግን በአማርኛ ያን ያህል አልተጻፈም።

ልቡ የታመመ ልጅ ላይ የመድኃኒት ምርጫ ደሙ በየት በኩል እንደሚሄድ ይወስናል። ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎ የሚባል፣ አብሮ የሚወለድ የልብ ጉድለት ያለበትን ሕፃን እንውሰድ። መርፌ ሲያይ አምርሮ ያለቅሳል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፣ እናቱ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፋ ታቅፈዋለች። ኦክስጅን ያላገኘው ደም ሳንባን ዘሎ በልብ ቀዳዳ ወደ ሰውነት እየገባ ነው። ፕሮፖፎል የሚባለው ማስተኛ የሰውነትን የደም ሥሮች ስለሚያላላ ይህን ሊያብሰው ይችላል። ኬታሚን የሚባለው ሌላው ማስተኛ ግን የደም ግፊቱን ይዞ ያቆያል።

ክሎራል ሃይድሬት በ1832 የተሠራ አሮጌ መድኃኒት ነው፣ ጣዕሙ መጥፎ ቢሆንም ለኢኮ (ልብን በድምፅ ሞገድ ለሚያይ) ምርመራ ስንት ሕፃን አስተኝቷል። ሚዳዞላም በአፍ ይሰጣል፣ ፍርሃትን ያበርዳል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1980ዎቹ ነው። ያኔ አራስ ልጅ ሕመም በደንብ አይሰማውም የሚል እምነት ነበር፣ ብዙዎቹም ጡንቻ በሚያዝል መድኃኒትና በናይትረስ ኦክሳይድ ብቻ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ በ1987 ያሳተሙት ጥናት ልብ አጠገብ ያለው ቧንቧ የሚዘጋላቸውን ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ተመልክቶ፣ ፌንታኒል የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የተጨመረላቸው ሰውነታቸው በጣም ያነሰ እንደተጨነቀ አሳየ። በ1992 አናንድና ሂኪ 45 አራሶችን አጠኑ፦ የፌንታኒል ዘመድ የሆነውን ሱፌንታኒል በከባድ መጠን ካገኙት 30 አንድም አልሞተም፣ ሃሎቴን የሚባል በትንፋሽ የሚወሰድ ማስተኛና ሞርፊን ካገኙት 15 ግን 4 ሞቱ። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ የሚከራከሩበት አሉ። ሕፃን ሕመም አይሰማውም የሚለው ግን ያኔ አከተመለት።

ኬታሚን በ1962 ተሠራ፣ በ1970 በአሜሪካ ተፈቀደ። በአገራችን ሆስፒታሎች ሌላው ሲጠፋ የሚገኝ ስለሆነ አንዳንዱ የድሃ አገር መድኃኒት እያለ ያቃልለዋል። ይህ ስህተት ነው። ለእነዚህ ልጆች በራሱ ብቃት የሚመረጥ መድኃኒት ነው። የሳንባን የደም ግፊት ይጨምራል የሚል ስጋት ለዓመታት ነበር። በ2007 ከአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከባድ የሳንባ ደም ግፊት ባለባቸው ልጆች ላይ የወጣ ጥናት ግን፣ ትንፋሻቸው በደንብ እስከተጠበቀ ድረስ ጭማሪ አላገኘም። በእኔ እምነት ስጋቱ በዚህ በእጅጉ ቀልሏል።

አዲሱ ዴክስሜዴቶሚዲን ነው። በ1999 በአሜሪካ የተፈቀደው ለአዋቂ ጽኑ ሕሙማን ሲሆን፣ ዛሬ በአፍንጫ ጠብ እየተደረገ ልጆችን ለኢኮ ያስተኛል። ትንፋሽን ብዙም አይጫንም። ልብን ግን ስለሚያዘገይ፣ ምቱ ቀድሞውኑ ለዘገየ ልጅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ስታንፎርድ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እዚህ ጤነኛ ልጅም ቢሆን የኦክስጅን መጠኑ ከቆላው ልጅ ዝቅ ይላል፣ የኦክስጅን ማነስ ደግሞ የሳንባን የደም ሥሮች ያጠባል። ስለዚህ ስታንፎርድ ስለ ኬታሚን የተጠየቀው ጥያቄ እዚህም በራሳችን ልጆች መጠየቅ አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ከጥቁር አንበሳ ግቢ የተሻለ ቦታ አይገኝም።