በራስ ምርጫ መማር ምንድን ነው?

ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው የመቅደሱን ግድግዳ አይረሳውም። ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። የበላኤ ሰብእ ታሪክም አለበት። አንድ ልጅ እዚያ ፊት ቆመ እንበል። መጀመሪያ ሰው በላውን ያያል፤ ይፈራል። ቀጥሎ «ምን አደረገ?» ብሎ እናቱን ይጠይቃል። እሷም በእመቤታችን ስም ለተጠማ ስለሰጠው ጥርኝ ውሃ ትነግረዋለች። ደወል አልተደወለም፣ የፈተነውም የለም። ጠየቀ፣ ሰማ፣ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ።

በራስ ምርጫ መማር የሚባለው ይኸው ነው። ምን እንደሚያይ፣ የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚሄድ የሚወስነው ተማሪው ራሱ ነው። በሙዚየም ጥናት ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቁት አሜሪካውያኑ ጆን ፎልክና ሊን ዲርኪንግ ናቸው። ጎብኚ ባዶውን አይመጣም ይላሉ። የሚማረው ይዞት ከመጣው እውቀት፣ አብሮት ካለው ሰውና ከቦታው ነው።

ለዐውደ ርዕይ አዘጋጅ ይሄ ቀላል አይደለም። ተማሪ ክፍል ውስጥ ቢሰለቸውም ይቀመጣል። ጎብኚ ከሰለቸው ውልቅ ነው። ደግሞም ይደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1916 በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ቤንጃሚን ጊልማን፣ አንድ ሰው በመስታወት ሣጥን ያሉ ዕቃዎችን ለማየት ሲያጎነብስና ሲንጠራራ የሚያሳዩ ፎቶዎች አሳትሟል። ጥፋቱ የአቀማመጡ እንጂ የሰውየው አልነበረም። ዛሬም ጽሑፍ ጉልበት ሥር ተለጥፎ ሳይ እናደዳለሁ።

ደብረ ማርቆስ ላይ የእርሻ ዕቃ ዐውደ ርዕይ እናዘጋጅ ብንልስ? ሞፈሩን መስታወት ውስጥ አስገብተን «ሞፈር፣ የእርሻ መሣሪያ» ብለን ብንጽፍ ለማን ጻፍነው? ከብቸና የመጣው ገበሬ ከኛ በላይ ያውቀዋል። የከተማው ልጅ ደግሞ ቃሏን አንብቦ ያልፋል። እኔ ብሆን መስታወቱን አነሳዋለሁ። ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ድግሩንና ማረሻውን ለየብቻ አስቀምጬ አንድ ጥያቄ ብቻ እጽፋለሁ፦ «የቱ ከየቱ ይገጥማል?»

ልጁ ያነሳል፤ ሞፈሩ ይከብደዋል፤ ድግሩን አዙሮ ይገጥመዋል። አያቱ ዝም ብለው ማየት አይችሉም። «ቆይ ልጄ፣ እንዲህ አይደለም» ብለው ይጠጋሉ። በእጃቸው ያሳዩታል። ከዚያ መጀመሪያ በሬ የጠመዱበትን ቀን ያነሳሉ። ይሄ ወሬ ቶሎ አያልቅም። ስለዚህ እዚያው አጠገብ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ አግዳሚ ወንበር አስቀምጣለሁ።