«ሞራው ይብሰል» የሚለው ምክርና ሌሎች የዓይን ስሕተቶች

«ሞራው ገና አልበሰለም፤ ሲበስል ይነሣል» የሚለውን ምክር ከጎረቤት ስሰማው እታገሠዋለሁ፤ ነጭ ጋዋን ከለበሰ ባለሙያ አፍ ሲወጣ ግን ያበሳጨኛል። «ሞራ» የሚለው ስም ራሱ አሳሳች ነው፤ እንደ በሬ ሞራ ዓይንን ከላይ የሸፈነ ስብ ያስመስለዋል እንጂ፣ በሽታው በብሌኑ በስተጀርባ ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፈው የገዛ ሌንሳችን መደፍረስ ነው። ስለዚህም ጠብታ አያሟሟውም።

በቀድሞው የቀዶ ሕክምና ዘዴ ያልበሰለ ሌንስ አጥርቶ ማውጣት ያስቸግር ስለ ነበር ሐኪሞቹ ራሳቸው ይጠብቁ ነበር። ዛሬ በጠባብ ቀዳዳ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ስለሚተካ (የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ በሃሮልድ ሪድሊ የገባው ነው)፣ ቀዶ ሕክምናው የሚወሰነው በሞራው ንጣት ሳይሆን እይታው የዕለት ኑሮን ማወክ ሲጀምር ነው። ከመጠን በላይ የቆየ ሌንስ ይደድርና ሥራውን ያከብዳል፤ አልፎ አልፎም ፈሳሹ ሾልኮ የዓይንን ውኃ መውረጃ ይዘጋና ግፊቱን ያንራል። «ይብሰል» ተብለው ሦስት ዓመት በልጅ ልጃቸው እጅ ሲመሩ የኖሩ አንዲት እናት ወደ እኔ የመጡት ዓይናቸው ቀልቶ በሕመም ሲያቃስቱ ነበር። ሌንሱን አወጣነው፤ የዚያ ዓይን ነርቭ ግን አስቀድሞ ሞቷል። ልጁም በእነዚያ ዓመታት ትምህርቱን አቋርጦ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ግድም የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ከሞራ የመጣ መሆኑን ማሳየቱን ሳስብ፣ ይህ ምክር ስንቱን በከንቱ ጨለማ ውስጥ እንዳቆየ እገምታለሁ።

«ዓይኔ ተመለሰልኝ፤ ያለ መነጽር ዳዊት እደግማለሁ» የሚሉ አባቶች ደስታቸውን ማበላሸት ባልወድም፣ ይህ ብዙውን ጊዜ የሌንሱ መሐል እየጠነከረ የቅርቡን ሲያጠራ የሩቁን የሚያደበዝዝበት የሞራ መጀመሪያ ነው።

ግላኮማን፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ከዓይን ግፊት መናር ጋር የዓይንን ነርቭ የሚጎዳውን በሽታ፣ ከሞራ ጋር አንድ አድርጎ መጠበቅ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ሞራ የጋረደውን ቀዶ ሕክምና ይመልሳል፤ ግላኮማ የወሰደውን የሚመልስ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ሳያሳምም የጎን እይታን ከዳር ወደ መሐል ስለሚበላ፣ በተለይ ወላጁ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ከ40 ዓመቱ ጀምሮ ዓይኑን ይመርመር። ጠብታ የታዘዘለትም ጠርሙሱ ሲያልቅ ዳንሁ ብሎ አያቁም።

መነጽር ዓይንን አያሰንፍም። ካሮት በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣውን ዳፍንት ለመከላከል ይረዳል እንጂ ሞራ አያነሣም።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ ቅላትንና ማሳከክን ቶሎ የሚያበርደው ጠብታ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የተባለው ብርቱ የብግነት ማብረጃ መድኃኒት ያለበት ነው፤ ለወራት ሲጨመር ሞራንም ግላኮማንም ራሱ ሊያመጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ጠብታ የሚጠቀም ሰው ለምርመራ ሲመጣ ጠርሙሱን ይዞ ቢመጣ ለሐኪሙ ብዙ ጥያቄ ይቀንስለታል።