ስቴጋኖግራፊ፦ በፎቶግራፍ ውስጥ ምስጢር መሸሸግ

ስቴጋኖግራፊ መልእክት መኖሩ ራሱ እንዳይታወቅ አድርጎ የመላላክ ዘዴ ነው። ስሙ ግሪክኛ ሲሆን «የተሸፈነ ጽሑፍ» እንደ ማለት ነው። ብዙዎች ከምስጠራ፣ ማለትም ጽሑፍን ቁልፉ ለሌለው ሰው እንዳይነበብ አድርጎ ከመለወጥ፣ ጋር ያምታቱታል። የተመሰጠረ ደብዳቤ ያገኘ ሰው ማንበብ ቢያቅተው እንኳ ምስጢር እንዳለበት ያውቃል፤ በቅኔም ቢሆን ሰሙን የሰማ ወርቁን መፈለጉ አይቀርም። እዚህ ግን የሚደከመው ፈላጊው ጭራሽ እንዳይነሳ ነው።

ዘዴው ከኮምፒውተር በእጅጉ ይቀድማል። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው፣ የግሪኮች ከተማ የነበረችው የሚሊጢስ ገዥ ሂስቲዮስ የታማኝ ባሪያውን ራስ አስላጭቶ መልእክቱን በቆዳው ላይ አስነቀሰ፤ ፀጉሩ እስኪያድግ ጠብቆም ላከው። አስቸኳይ ጉዳይ እንዳልነበረ መገመት ይቻላል።

ዛሬ የባሪያውን ራስ የተካው ፎቶግራፍ ነው። ዲጂታል ፎቶ ፒክሰል የሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ድርድር ነው። የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም በተለመደው አሠራር በሦስት ቁጥሮች ይገለጻል፦ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255። ኮምፒውተር እነዚህን ቁጥሮች በስምንት ስምንት ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሆኑ አሃዞች፣ ይይዛቸዋል። የመጨረሻው ቢት ቢቀየር ቁጥሩ የሚዛነፈው በ1 ብቻ ስለሆነ ምስጢሩ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

«ሰ»ን እንደብቅ። ኮምፒውተር ፊደላትን በቢት በሚጽፍበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ይህ ፊደል 24 ቢት ይፈጃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቢቶች 111 ናቸው። የመጀመሪያው ነጥብ 200፣ 143 እና 90 ቢሆን፣ ቢቶቹን ሲቀበል 201፣ 143 እና 91 ይሆናል፤ የ143 የመጨረሻ ቢት ቀድሞም 1 ስለሆነ አይለወጥም። ይህን ለውጥ ዓይን አይለየውም። በዚህ ስሌት ፊደሉ ስምንት ነጥቦች ይበቁታል። አንድ የላቲን ፊደል ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም፤ የእኛ ፊደል ሰፋ ያለ ቦታ ይወዳል። ያም ሆኖ 1,000 በ1,000 ነጥብ የሆነ ፎቶ 125,000 የግዕዝ ፊደላትን፣ ማለትም አንድ አነስተኛ መጽሐፍ፣ ይሸከማል።

ደካማ ጎኑ መጭመቅ፣ ማለትም የፋይሉን መጠን ማሳነስ፣ ነው። ፎቶው በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ምስል ሲላክ መተግበሪያው ይጨምቀዋል፤ የመጨረሻዎቹ ቢቶች ይዘበራረቃሉ፣ መልእክቱም ይጠፋል። በፋይል መልክ ከተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። ሌላው አደጋ ዋናው ፎቶ በሌላ ሰው እጅ መገኘቱ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነጻጸረ ነገሩን ወዲያው ይደርስበታል። ዋናው ባይኖርም የቁጥሮቹን ስርጭት በስታቲስቲክስ መርምሮ መጠርጠር ይቻላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ላኪ መልእክቱን አስቀድሞ ይመሰጥረዋል።

በሰኔ 2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአሜሪካ ፌደራል የምርመራ ቢሮ ለሩሲያ ይሰልላሉ ያላቸውን 10 ሰዎች ሲያስር፣ ለፍርድ ቤት ያቀረበው ሰነድ ከሞስኮ ጋር በምስሎች ውስጥ በተደበቀ ጽሑፍ ይጻጻፉ እንደነበር ገልጿል። ጽሑፉን የሚደብቁበት የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚከፈተው 27 ሆሄያት ባሉት የይለፍ ቃል ነበር። መርማሪዎቹ የይለፍ ቃሉን ያገኙት ቤት ሲፈትሹ፣ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነው።